265/70 ወይስ 285/70? ሞላ ሳይነካ ጎማ ማሳደግ ለፈለገ

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። ሁሉም የያዙት ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ነው፣ ባለ 17 ቸርኬ። «ሞላውንም ባሌስትራውንም ሳልነካ እስከ ስንት ቁጥር ጎማ ይገባልኛል?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደጋግመው አንዴ ጽፌው ልገላገል።

መልሱን ከመነሻው ልንገራችሁ። 265/70 ግዙ። 285/70ን ተዉት። የፊተኛው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፣ የኋለኛው ደግሞ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ነው። ይህን የምለው ሰው ነግሮኝ አይደለም። 285ቱን ገዝቼ፣ ስድስት ወር ተሰቃይቼበት፣ በግማሽ ዋጋ እንኳ ሳይሆን በኪሳራ አውጥቼው ነው።

መጀመሪያ ምን እንደምታገኙ እንይ። ፋብሪካው የገጠመው 265/65 ቁመቱ 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 265/70 ወደ 803 ይደርሳል፣ 285/70 ደግሞ 831። ጎማ ሻጩ ይህን ሲያሳያችሁ «5 ሴንቲ ተኩል ትነሳለች» ይላችኋል። አትነሳም። ከጎማው ቁመት ከአክስሉ በታች ያለው ግማሹ ብቻ ነው። መኪናዋ በ265/70 የምትነሳው 13 ሚሊ፣ በ285 ደግሞ 27 ሚሊ ነው። የሁለቱ ልዩነት የአንድ ጣት ውፍረት እንኳ አይሞላም። ለዚያች ጣት የከፈልኩትን ነው እንግዲህ ልነግራችሁ የፈለግኩት።

285ቱን ስገዛ አንዱ 38 ሺህ ብር ነበር፣ ያለ ደረሰኝ። በደረሰኝ ሲሉ የጨመሩትን ሰምቼ ዝም አልኩ። አራቱ 152 ሺህ። አምስተኛውን፣ ማለትም ስኮርታውን፣ «በኋላ እገዛዋለሁ» ብዬ አሮጌውን 265/65 ከስር ተውኩት። ይህችን አስታውሱልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ገና ከጎሚስታው ግቢ ስወጣ መሪውን እስከ መጨረሻ ጠመዘዝኩና ክርርር አለ። ከፊት ጎማው ጀርባ ካቢናው ከሻሲው ጋር የሚታሰርበት ብረት አለ፣ እሱን ይነካል። የፓራፋንጎውን የውስጥ ፕላስቲክም ይፍቃል። ጎሚስታው አልደነገጠም። «ስፔሰር ይገባልሃል» አለኝ። ስፔሰር ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚገፋ ወፍራም ብረት ነው። ሁለቱ 9 ሺህ ብር። ገባ። ከውስጥ መንካቱን ተወና ከውጭ መንካት ጀመረ። ጎማው ወደ ውጭ ስለወጣ ጭነቱ ኩሽኔታው ላይ ያድራል፤ በአምስተኛው ወር የቀኝ የፊት ኩሽኔታ ማጉረምረም ጀመረ። ዕቃና እጅ 14 ሺህ። ደምሩት፤ 175 ሺህ ደርሰናል፣ ገና መኪናዋ በቅጡ ጭቃ አልረገጠችም።

265/70 ግን ዝም ብሎ ይገባል። በእኔ መኪና ላይ መሪው ሙሉ ተጠምዞ፣ ከኋላ ስድስት ኩንታል ተጭኖም አልነካም። የእናንተዋ ላይ ለመተማመን ግን አንዱን ብቻ ከፊት አስገጥማችሁ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አጠምዝዙ። የአንድ ጎማ ማስገጠሚያ ምንም አይደለም።

ክብደቱን ማንም አያነሳም። ጎሚስታው በሚዛን አውጥቶልኝ 285ቱ 24 ኪሎ ሆነ። አሮጌው፣ ማለቁ ሳይረሳ፣ 16። በየእግሯ 8 ኪሎ አሠርኩባት ማለት ነው። ይህን የተረዳሁት ዓባይ በረሃ ላይ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ድሮ በሦስተኛ ማርሽ አስይዤ ፍሬኑን አልፎ አልፎ እየነካሁ እወርደው ነበር። ጎማ ሲያድግ መኪናው በዚያው ማርሽ፣ በዚያው የሞተር ዙር በ7 በመቶ ይፈጥናል፣ የሞተሩ መያዝም በዚያው ልክ ይላላል። ድልድዩ ጋ ስደርስ የፍሬን ሽታ ካቢናው ውስጥ ነበር። ከዚያ ደግሞ ወደ ደጀን ሽቅብ አለ። እሱንስ አታንሱብኝ።

አሁን በጣም ያናደደኝን ልንገራችሁ። መኪናዋን ለፕሮጀክት ሥራ በኪሎ ሜትር ሒሳብ ነው የማከራያት። ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ ቆጣሪው ግን የሚቆጥረው ዙሩን ነው። 1000 ኪሎ ሜትር ስነዳ ቆጣሪዬ የሚያነበው 934 ነው። 66ቱን ኪሎ ሜትር በነፃ ነድቼላቸዋለሁ። ናፍጣው ደግሞ በዚያ ላይ ጨምሯል። የሒሳብ ክፍሉ ልጅ «መኪናህ በኪሎ ሜትር የምትጠጣው ለምን በዛ?» ብሎ በዓይኑ ሲመዝነኝ የሚያስረዳ አንደበት አጣሁ። በ265/70 ቆጣሪው 967 ያነባል። እሱም ቢሆን ኪሳራ ነው፣ ግን ይቻላል። ፍጥነቱም እንደዚያው ነው፤ 285 አስገጥማችሁ መቶ ላይ ናችሁ ስትባሉ ወደ 107 ትጠጋላችሁ። ራዳር ይህን አይሰማም።

ወደ ስኮርታው ልመለስ። አፋር ነው፣ ከአፍዴራ ወዲያ። የዚያ አገር ጥቁር ድንጋይ ምላጭ ነው። የኋላ ግራ ጎማዬን ከጎኑ ሰነጠቀው። ጎኑ የተቀደደ ጎማ አይለጠፍም፣ አበቃ። አሮጌዋን 265/65 እዚያው ኋላ ገጠምኩና መንገድ ቀጠልኩ። አንዱ የኋላ ጎማ ከሌላው በ7 በመቶ ሲያንስ ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም ሁለቱ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞር የሚያደርገው የማርሽ ሳጥን፣ በቀጥታ መንገድም ላይ ዕረፍት የለውም። ፎር ባይ ፎር ማስገባት ደግሞ በደረቅ መንገድ አይሞከርም፣ ፊትና ኋላው ይተናነቃል። ሎጊያ እስክደርስ የኋላው ዲፈረንሻል ግሎ እጅ አያስጠጋም።

ሎጊያ የጅቡቲ መስመር ናት። የከባድ መኪና ጎማ በሽ ነው። 265/65 ፈለግህ? ሁለት ቦታ አየሁ። 285/70 ስል ግን ጎሚስታው ሳቀ። አንድ ሽማግሌ የተሳቢ ሹፌር አጠገቤ ሻይ እየጠጡ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ጎዶሎዋን ጎማ ከፊት አታደርጋትም? ፊትህ እኮ አይጎትትም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፎር ባይ ፎሩ ካልገባ የፊት ጎማዎች ዝም ብለው ይንከባለላሉ። የተለየችውን ጎማ ፊት፣ የፊቷን ኋላ። በአንድ ክሪክ ሁለት ጎማ ማዛወር ነው፣ ፀሐዩ ደግሞ የአፋር ነው፣ ግን ከዲፈረንሻል ይረክሳል።

ስለዚህ 265/70 ስትገዙም አምስት ግዙ። እኔ ሁለተኛ ጊዜ ስገዛ አንዱ 27 ሺህ 500 ነበር፣ አምስቱ 137 ሺህ 500። እዚያው ሱቅ 265/65 24 ሺህ ነበር። ልዩነቱ በአምስቱ 17 ሺህ 500 ነው። ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የጎማ ዋጋ ሳምንት አይቆይም፣ ቁጥሩን ሳይሆን ልዩነቱን ያዙ። ለዚህ ገንዘብ 13 ሚሊ ብቻ ቢሆን አልመክርም ነበር። እኔ የምከፍለው ለጎኑ ነው። ረዘም ያለ ጎን ስላለው ኮረኮንች ላይ ነፋሱን ወደ 24 ፒኤስአይ፣ አሸዋ ላይ ወደ 18 ስቀንስ ቸርኬው መሬት አይመታም። አስፋልት ስትገቡ መልሳችሁ መንፋት አትርሱ። ሥራችሁ ከአዲስ አበባ አዳማ ከሆነ ግን 265/65 ይበቃችኋል፣ በተረፋችሁ ብር ሌላ ነገር ሥሩበት።

ጭቃ ጎማ፣ ያ ጥርሱ ትልልቅ የሆነው፣ ክረምት ላይ በከተማ እርጥብ አስፋልት ይንሸራተታል። ድምፁም ያደነቁራል። አልፌዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ፣ የትኛውንም ብትገዙ። ጎማ ጎን ላይ ዶት ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር አለ። 3523 ካለ በ2023 እንደ ፈረንጆቹ በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ነው ያለው። አንዴ «አዲስ» ብለው የሸጡልኝ ቁጥሩን ወደ ውስጥ አዙረው ገጥመውልኝ ነበር። ተኝቼ በባትሪ ሳየው ስምንት ዓመቱ። ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቅ ነበር፣ ጥርሱ ሥር በጥፍሬ ስጫነው ግን እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ሳታዩ እንዳይገጠም። ቁጥሩ ተፍቆ ለስልሶ ካገኛችሁት ዋጋ አትጠይቁ፣ ውጡ። ከመጠኑ ቀጥሎ ያለው የጭነት ቁጥር ደግሞ ከ112 አይነስ። 112 ማለት አንዱ ጎማ 1120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ከዚያ በታች ያለው ረከስ ብሎ ይቀርብላችኋል፣ ጫን ስትሉበት ነው የሚያስከፍላችሁ።

285ዎቹን ሦስቱን በ18 በ18 ሺህ ሸጥኩ። ገዢው ሃይሉክሱን ከፍ ያስደረገ ልጅ ነው፣ ለእሱ ሠርተውለታል። አራተኛው፣ አፋር የተሰነጠቀው፣ ግቢያችን ውስጥ አለ። እናቴ አፈር ሞልታ ጤና አዳም ተክላበታለች።