ለስኳር ክትትል ክሊኒኳ ሲስተር ምስጋና፣ ለወላጆችም ጥቆማ

ይህ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የስኳር ክትትል ክሊኒክ ለታካሚዎች ትምህርት ለሚሰጡት ሲስተር የማቀርበው ምስጋና ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ ስላልፈለጉ አልጠቅስም። ኢንሱሊን የሚወስድ ልጅ ወይም ወንድም እህት ያላችሁ ግን እስከ መጨረሻው ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል።

ልጄ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም አለባት፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። መርፌውን ለምደነዋል። ያልለመድነው ፍርሃቱን ነበር። ክፍል ውስጥ ስኳሯ ወርዶ ራሷን ከሳተች ወዲህ ልቧ በመታ ቁጥር «ወረደብኝ» ትላለች። ብቻዋን መንገድ መሄድ ተወች፤ ፈተና ሲደርስ ከቤት አልወጣም አለች። ሌሊት እንዳይወርድባት በመስጋት ሳትራብ በልታ ትተኛለች፤ ጠዋት ሲለካ ከመጠን በላይ ወጥቶ ይገኛል። እናቷና እኔም በየተራ እየተነሣን ትንፋሿን እናዳምጣለን። ያየን ሰው ሁሉ «አይዞሽ፣ አትጨነቂ» ይላታል። «አትጨነቂ» የተባለ ልጅ ጭንቀቱን ይደብቃል እንጂ አይተወውም።

ሲስተር እንዲህ አላሏትም። ፍርሃቷ ምክንያት እንዳለው ነገሯት። ስኳር ሲወርድ ሰውነት አድሬናሊን ያመነጫል፤ ሰው ሲደነግጥም የሚያመነጨው ያንኑ ነው። ላቡ፣ የእጅ መንቀጥቀጡ፣ የልብ ምቱ ስለሚመሳሰል በስሜት ብቻ መለየት ያስቸግራል፤ የሚለየው የደም ስኳር መለኪያው ነው። በዚያ ላይ ጭንቀት ራሱ ስኳርን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ምንም ሳትበላ ለምን እንደሚጨምር ግራ ሲገባን ኖረን ነበርና ያን ዕለት ገባን።

ከዚያ የትምህርት ደብተሯን አስወጧትና አንዱን ገጽ በእስክሪብቶ ለሁለት ከፈሉት። በግራ በኩል የተሰማትን በአንድ ቃል ትጽፋለች፤ ወዲያው ትለካና ቁጥሩን በቀኝ ታሰፍራለች። ከ70 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣ ትጠጣለች፤ 15 ደቂቃ ቆይታ ደግማ ትለካለች። ቁጥሩ ደህና ከሆነ ቁጭ ብላ በቀስታ እየተነፈሰች እስኪያልፍላት ትጠብቃለች። መለኪያ በእጇ ከሌለ ግን ሳታመነታ ስኳሩን ትውሰድ አሉ። ስትሪፕ (ደሙ የሚነካበት፣ መለኪያው ውስጥ የሚገባው ቁራጭ) ውድ መሆኑን ስለሚያውቁም በዘፈቀደ ጣቷን እንዳትወጋ፣ የግድ መለካት ያለባትን ሰዓቶች ለይተው ጻፉላት። እያደር በግራ «ወረደብኝ» ብላ በጻፈችበት መስመር በቀኝ 130 እና 145 እየተጻፈ መጣ። ማንም ሳይነግራት ራሷ አየችው። አሁን ትምህርት ቤት የምትሄደው ብቻዋን ነው።

ለእኛም ምክር ነበራቸው። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከሁሉ አስቀድማችሁ «እንዴት ዋልሽ» በሏት፤ ቁጥሩ ይደርሳል አሉን። ቁጥሩ ከፍ ቢልም ዝቅ ቢልም ለሕክምና የሚጠቅም መረጃ ነው እንጂ የጠባይ ውጤት አይደለም። ይህች ነገር ቤታችንን ምን ያህል እንዳሳረፈችው በጽሑፍ ለመግለጽ ይከብደኛል።

እንቅልፏ ቶሎ ስላልተመለሰ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ እንዲያያት ሐሳብ አቀረቡ። እናቷ ሰው ምን ይላል ብላ ሠግታ ነበር። ሲስተር አልተቆጡም፤ ሥራቸውን ለባልደረባቸው ሰጥተው ልጄን ይዘዋት ሄዱ፣ እስክትገባም አብረዋት ተቀመጡ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ስለ እግሩና ስለ ዓይኑ እንደሚጠየቅ ሁሉ ስለ ጭንቀቱም መጠየቅ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ እርሳቸው ሳይጠይቁ የሚያልፉት ታካሚ አላየሁም።

ተራ ስንጠብቅ ያየሁትንም ልጨምር። ከደምቢያ ልጃቸውን ይዘው የመጡ እናት ጸበል ሊወስዱት እንደሆነ ፈራ ተባ እያሉ ነገሯቸው። ሲስተር «መልካም፣ ይጠመቅ፤ ኢንሱሊኑን ግን አንድም ቀን እንዳያቋርጥ፣ ይዛችሁት ሂዱ» ብለው እዚያ ፍሪጅ ስለማይኖር ውሃ በነካ የሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዴት ቀዝቀዝ ብሎ እንደሚቀመጥ አሳዩአቸው። እናትየዋ ስመው ነው የሄዱት።

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። የልጅዎን ያህል ተጨነቁላት።

ጎንደርና አካባቢዋ ያላችሁ፣ በቀጠሯችሁ ቀን ሐኪም ዘንድ ከመግባታችሁ በፊት ትምህርት የሚሰጡትን ሲስተር ማግኘት እንፈልጋለን ብላችሁ ጠይቁ። መለኪያውንና ቁጥር የመዘገባችሁበትን ደብተር ያዙ። የሚያስፈራችሁን ነገር አስቀድማችሁ ጻፉት፤ እዚያ ሲደርሱ ይረሳል። ልጁ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ብቻውን እንዲያነጋግሩት ፍቀዱ፤ ልጄ ስለ ሌሊቱ ፍርሃቷ መጀመሪያ የተናገረችው እኛ በር ላይ ስንጠብቅ ነው።