ባለ 20 ቶን የእጅ ፕሬስ፦ አዳማ ላይ ለወራት ከሠራሁበት በኋላ

ይሄን የእጅ ሃይድሮሊክ ፕሬስ (በዘይት ግፊት ብረት የሚጫን መሣሪያ) የገዛሁት ኩሽኔታ ለማውጣትና ለመግጠም ነበር። ከመስቀል ወዲህ ግን አብዛኛው ሥራው ላሜራ ማጠፍ ሆኗል። አዳማ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ አይጠፋም። የባጃጅ ማቀፊያ፣ የወፍጮ ወንፊት ክፈፍ፣ በጅቡቲ መስመር የሚመላለሱ መኪኖች የባትሪ ማሰሪያ። ቁጥሩ ትንሽ፣ ቅርጹ ለየት ያለ፣ ሱቅ የማይገኝ ነገር ሁሉ እኛው ጋ ይመጣል።

መጀመሪያ የወደድኩለትን ልናገር። መብራት አይጠይቅም። መብራት ሲሄድ ብየዳውም ግራይንደሩም ዝም ይላል፤ ፕሬሱ ግን እጀታውን የሚገፋ ሰው ካገኘ ይሠራል። ቀስ ማለቱም ጥቅም አለው። ብረት ጭነቱ ሲለቀቅ ትንሽ ይከፈታል። ተራውን ብረት ልክ 90 ዲግሪ ላይ ለማሳረፍ እስከ 88 ወይም 89 መጫን አለባችሁ። ስቴንለስ ከዚህም በላይ ይመለሳል። በእጅ ሲሆን መጨረሻውን ጥቂት ጥቂት እየገፉ፣ በስኳድራ (በማዕዘን መለኪያ) እያዩ መድረስ ይቻላል።

«20 ቶን» የሚለው ጽሑፍ ግን አያታልላችሁ። ዋናው ከታች የሚቀመጠው፣ ላሜራው ተጭኖ የሚታጠፍበት የቪ ቅርጽ ማጠፊያ ነው። እሱ ደግሞ አብሮ አይመጣም፤ እኔ ማሽን ሾፕ አሠራሁት። የአፉ ስፋት የላሜራውን ውፍረት 8 እጥፍ ያህል ይሁን። ለ2 ሚሊ 16፣ ለ3 ሚሊ 24 ማለት ነው። ከጠበበ ጉልበት ይበላል፣ ብረቱንም ይጎዳል። በዚህ ልክ 40 ሳንቲም ስፋት ያለው 2 ሚሊ ላሜራ 7 ቶን ገደማ ይበቃዋል። በዚያው ስፋት 6 ሚሊ ግን ባለ 48 ሚሊ ቪ ላይ እንኳ 20ውን ቶን ይጨርሰዋል።

ልጆቹን ያስቸገራቸው የአቆራረጡ ልክ ነው። ሁለቱም ክንፉ በውጪ ሲለካ 50 ሚሊ የሆነ ማዕዘን ከ2 ሚሊ ላሜራ ለማውጣት 100 ሚሊ አይቆረጥም። 96 ገደማ ይበቃል፤ ማዕዘኑ ክብ ስለሚሆን ብረቱ መንገድ ያሳጥራል። የሚታጠፍበት መስመር ደግሞ ላሜራው ፋብሪካ የተዳመጠበትን አቅጣጫ አቋርጦ ይሂድ። ትይዩ ከሆነ፣ በተለይ ጠንካራ አሉሚኒየም፣ ቶሎ ይሰነጠቃል።

ለመኪና ጎማ የአቧራ ቆብ አውጡልን ያሉንም ነበሩ። አልተቀበልንም። ጎድጓዳ ነገር ለማውጣት የላሜራውን ዙሪያ አጥብቆ የሚይዝ ቀለበት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጠርዙ እንደ ቀሚስ ይሸነሸናል። ይሄ ፕሬስ ከላይ መግፋት ብቻ ነው የሚያውቀው።

ችግሮቹ? ራሙን፣ ማለት ወደ ታች ወርዶ የሚጫነውን ዘንግ፣ ወደ ላይ የሚመልሱት ሞላዎች ላልተዋል። የግፊት መለኪያው ከቆመ ቆይቷል። ዘይት ሲያንጠባጥብ ኦሪንጉን (ዘይት የሚያግደውን የጎማ ቀለበት) ቀየርን፤ ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ያናደደኝ ራሙ ራሱ ነው። ግራና ቀኝ ይላወሳል። ሰፋ ያለ ላሜራ ሲታጠፍ አንዱ ጫፍ 90 ሲሆን ሌላው 93 ይወጣል። ከአንጎላሬ (ባለ ማዕዘን ብረት) ራሙን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሁለት መሪ በይደንለት ነው ለውጥ ያየነው።

በርና ታንከር ለሚሠራ፣ አንድ ሜትርና ሁለት ሜትር ላሜራ ለሚያጥፍ ሰው ይሄ አይሆንም። ለትንንሽ ዕቃ የምትፈልጉት ከሆነ ግን ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ ራሙን እስከ ታች አውርዱና በእጃችሁ ነቅንቁት። ከተላወሰ ሌላ አምጣ በሉት።