ራኩን የማይወጣው የአጋዘን መጋቢ፦ ከመስከረም እስከ ግንቦት

የአጋዘን መጋቢ በርሜል ቴክሳስ ውስጥ በየእርሻው ይታያል። ለአጋዘን የሚበተን በቆሎ የሚይዝ፣ በሦስት እግር የቆመ በርሜል ነው። ከሥሩ ትንሽ ሞተር አለው። ሞተሩ አንዲት ሳህን ያሽከረክራል፤ ሳህኗ በቆሎውን ዙሪያውን ትበትናለች። ታይመሩ ሰዓቱ ሲደርስ ለጥቂት ሰከንድ ያስነሳውና ያጠፋዋል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ችግሩ ራኩን ነው።

ራኩን ላላየ ሰው፦ ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር፣ ጭራው ቀለበት ቀለበት፣ በሌሊት የሚንቀሳቀስ እንስሳ ነው። የፊት እግሩ አምስት ጣት አለው፤ ጨለማ ውስጥ ዳስሶ ብቻ የሚፈልገውን ያገኛል። በበርሜሉ እግር ወጥቶ ሳህኗን በእጁ ያዞራታል። ታይመሩ ቢሠራም ባይሠራም በቆሎው ይፈሳል። እሱ ከላይ ሲያዞር ቤተሰቡ ከታች ይበላል።

የኔ መጋቢ ከዳላስ በስተ ምሥራቅ፣ የጓደኛዬ እርሻ ላይ ነው የቆመው። ካለፈው መስከረም ጀምሮ የቴክሳስን ብርድም፣ የጸደዩን ንፋስና ዝናብም ችሎ አሁን ግንቦት ደርሷል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ሳህኗን የሚከብብ የሽቦ ሳጥን ነው። እኔ አልመክርም። በቆሎ የሚወጣበት ቀዳዳ የራኩንንም እጅ ያስገባል። ቀዳዳውን ብታጠብበው በቆሎው ተመልሶ ሳጥኑ ውስጥ ይጠራቀማል። እግሩን ግራሶ መቀባትም የሚመክሩ አሉ። ግራሶ አቧራ ይይዛል፣ ፀሐይ ያቀልጠዋል፣ የእንስሳውንም ጸጉር ያበላሻል። ስለዚህ ራኩኑ ሳህኗ ጋ ከደረሰ በኋላ ከእጁ ጋር ከመታገል፣ መጀመሪያውኑ እንዳይወጣ ማድረግ ይሻላል። አገር ቤት አይጥ እንዳይወጣ የጎተራ እግር ላይ ቆርቆሮ እንደሚገጠመው ማለት ነው።

ያደረግሁት ይሄ ነው። 208 ሊትር የሚይዝ፣ የምግብ ዕቃ የነበረበት ፕላስቲክ በርሜል ወሰድኩ። እግሮቹ ክብ የብረት ቱቦ ናቸው። በእያንዳንዱ እግር ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 90 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የአየር ማስተላለፊያ የላሜራ ቱቦ አጠለቅሁ። ታችኛው ጫፍ ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ላሜራው አልተበየደም። እግሩ ላይ በታሰረ ፋሼታ (ቱቦ የሚያጠብቅ የብረት ማሰሪያ) ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያለው፤ ሲነኩት ይዞራል። በውስጥ በኩል ሾልኮ እንዳይወጣ ከላይ በጠንካራ ወንፊት ሽቦ ዘጋሁት። ክዳኑን የሚይዘው በብሎን የሚጠብቅ የብረት ቀለበት ነው። በርሜሉን ከዛፍ አርቆ ማቆምም የግድ ነው፤ ቅርንጫፍ ከተጠጋው ራኩን ከላይ ይመጣል።

እዚያ ያቆምኩት ካሜራ ያነሳውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። አንድ ወፍራም ራኩን ብረቱን አቅፎ ይወጣና ጭንቅላቱ ከላሜራው ጠርዝ ጋር ይገናኛል። አንድ እጁን አውጥቶ ላሜራውን በውጭ በኩል ያቅፋል። ላሜራው ይዞራል፣ ጥፍሩ ይንሸራተታል፣ ሰውዬው ቁልቁል። ወደ ሁለተኛው እግር ይሄዳል። ከዚያ ወደ ሦስተኛው። እስካሁን አንድም ራኩን በርሜሉ ላይ ወጥቶ አላየሁም። በቆሎውም ታይመሩ በሰጠው ልክ ነው የሚቀንሰው።

መሬት ላይ የተበተነውን ግን ይለቅማሉ። ይህን የሚከለክል ዕቃ የለም፤ ሰዓቱን ማስተካከል ግን ይረዳል። የጠዋቱን ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ የማታውን ፀሐይ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት በፊት አደረግሁት። መጠኑንም አሳነስኩ። አጋዘኖቹ በብርሃን በልተው ይሄዳሉ፤ ራኩኖቹ ሲመጡ የሚተርፋቸው ትንሽ ነው።

ጥቅሙ በቆሎ ማትረፍ ብቻ አይደለም። የራኩን ኩስ ውስጥ ሰውን ክፉኛ የሚጎዳ የወስፋት ዓይነት እንቁላል ሊኖር ይችላል። እንቁላሉ አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል፤ ሰው ላይ አንጎልና ዓይን ድረስ ሊሄድ ይችላል። ክዳኑ ላይ ኩስ ካለ በቆሎ በሞላህ ቁጥር እጅህ እዚያ ነው። አሁን ክዳኑ ንጹሕ ነው። እኔ ግን አሁንም ያለ ጓንት አልነካውም፤ ልጆችም እንዲጠጉ አልፈቅድም።

ያልወደድኩትም አለ። ጸደይ ሲገባ ላሜራው ውስጥ ተርብ ቤት ሠራ። ከላይ የዘጋሁት በወንፊት ስለሆነ ጥላና ነፋሻ ቦታ አገኘ። አሁን በቆሎ ከመሙላቴ በፊት በረጅም እንጨት አንኳኩቼ እጠብቃለሁ። ሽኮኮዎች ደግሞ የፕላስቲኩን ጠርዝ መፋቅ ጀምረዋል። የዱር አሳማ ሲመጣ እግሩን በጀርባው ያሻል፣ በርሜሉ ይነቃነቃል። እግሮቹን መሬት ውስጥ በተቀበረ ብረት ማሰር ያስፈልጋል። ቦታ ያለው 86 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው የአሳማ አጥር ቢከብበው ይሻላል፤ አጋዘን ይዘለዋል፣ አሳማ አይዘለውም።

በርሜሉን ጢም አድርጌ አልሞላም። እርጥበት ያገኘው በቆሎ ይሻግታል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመጣ ይችላል። ይህ መርዝ ወፎችን፣ በተለይ የዱር ተርኪንና ድርጭትን ይገድላል። ስለዚህ መርዙ ከ20 ፒፒቢ (ከቢሊዮን 20 እጅ) በታች መሆኑ የተመረመረ በቆሎ ነው የምገዛው። የሸተተኝን አርቄ እቀብራለሁ።

ቨርጂኒያ ያላችሁ ወዳጆቼ እንዲህ ዓይነት ነገር ከመሥራታችሁ በፊት ሕጉን እዩ። እዚያ መኖ አስቀምጦ ማደን ክልክል ነው። አጋዘን አንድ ቦታ ሲሰበሰብ የሚዛመት ገዳይ የአንጎል በሽታ ስላለ ሌሎች ብዙ ስቴቶችም ይከለክላሉ ወይም ይገድባሉ። በሽታው ቴክሳስ ውስጥም ከ2012 ጀምሮ ተገኝቷል፤ ስለዚህ እዚህም ቢሆን የየአካባቢውን ደንብ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እግሮቹን እንዳሉ እተዋቸዋለሁ። በበጋው በርሜሉን በብረት እቀይራለሁ፤ የላሜራውን አናት ደግሞ ተርብ በማያሳልፍ ደቃቅ ወንፊት እደርባለሁ።