በኦፓል አገር አሜቲስት አደረግሁ፦ የወራት ልምዴ

ወሎ ውስጥ ባለፈርጥ ቀለበት ያደረገ ሰው ቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «የደላንታ ነው?» የሚል ነው፤ ደላንታ ኦፓል የሚወጣበት የወሎ ወረዳ ነውና። እኔም ደሴ ላይ ይህን ስመልስ ከርሜአለሁ። የእኔ ኦፓል ሳይሆን አሜቲስት ነው፤ ሞላላ፣ ወይንጠጅ፣ በብር ላይ የተቀመጠ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ከጣቴ የወለቀው ለጽዳት ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ መግዛት ለሚያስቡ የምለው አለኝ።

ከጥንካሬው ልጀምር። ልብስ አጥቤበታለሁ፣ ሊጥ አቡክቼበታለሁ፣ ሽንኩርት ከትፌበታለሁ። የፈርጡ ጠርዞች ዛሬም ስል ናቸው፤ በአጉሊ መነጽር ባየውም ጭረት አላገኘሁበትም። አሜቲስት በአሸዋ ውስጥ የሚበዛው የኳርትዝ ማዕድን ዓይነት ሲሆን፣ ከ1 እስከ 10 በሚቆጥረው በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ ይቀመጣል። ኦፓል ግን ከ5.5 እስከ 6.5 ባለው ውስጥ ነው። መንገዳችን ላይ የሚነሣው አቧራ ኳርትዝ አሸዋ አያጣውም፤ ለስለስ ያለውን ድንጋይ ቀስ በቀስ የሚያደበዝዘውም እሱ ነው።

እህቴ በ2008 እ.ኤ.አ. ከተገኘው ከደላንታዋ ከወገል ጤና ኦፓል አንድ አላት። ውበቱን ማንም አይክደውም፤ እጇን ባዞረች ቁጥር ቀይና አረንጓዴው እንደ ፍም ይንቦገቦጋል። ነገር ግን ያ ድንጋይ ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ ጥርት ይልና የቀለማቱ ጨዋታ ይጠፋል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ዘይትና ማቅለሚያ ከገባበት ግን መመለሱ ያጠራጥራል። ስለዚህ ወደ ጓዳ ስትገባ ታወልቀዋለች። ኦፓል የበዓል ድንጋይ ነው፤ ሥራ ለማይፈታ እጅ እኔ አሜቲስትን እመርጣለሁ።

ቀለሙን ገና አልጠገብኩትም። ጠዋት መስኮት አጠገብ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ማታ በሻማ ብርሃን ቅላት ይገባበታል። ነጭ ወረቀት ላይ ደፍቼ በጀርባው ስመለከተው ደግሞ ወይንጠጁ አንድ ወጥ አይደለም፤ በአንድ ጎኑ ጠቆር ያለ ቀጥ ያለ መስመር ያልፍበታል፣ ከመስመሩ ወዲያ ውሃ ይመስላል። ድንጋዩ ከመሬት በታች በንብርብር ሲያድግ የቀረ ምልክት ነው። እንዲህ ያማረው በውስጡ ባለው ጥቂት ብረትና ከአካባቢው ዐለት በሚወጣ የተፈጥሮ ጨረር ነው። በብርቱ ሙቀት ይህ ቀለም ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ በገበያ ሲትሪን ተብሎ ከሚሸጠው ብዙው የተጋገረ አሜቲስት ነው። ኃይለኛ ፀሐይም ለረጅም ጊዜ ሲመታው ያደበዝዘዋል። መስኮት ላይ አላስቀምጠውም፤ ቡና ሳፈላም ከከሰሉ አርቀዋለሁ።

አንዲት ጎረቤታችን ቡና ስንጠጣ እጄን ይዘው አገላብጠው ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ይኼ ለምን ይሆናል?» አሉኝ። የጥንት ግሪኮች ከስካር ይጠብቃል ብለው ያምኑ እንደነበር ስነግራቸው «እኛ ቤት እንግዲህ ሥራ የለውም» ብለው ሳቁ። የድንጋዩን አመጣጥ ለማስረዳት የወይን አምላክ ስላሳደዳት ቆንጆ የሚነገረው ታሪክ ግን የግሪኮች አይደለም፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ፈረንሳዊ ገጣሚ የፈጠረው ነው። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ የጎረቤቶቻችን የግብፆች ነገር ነው፤ ከ3,500 ዓመት በላይ በፊት ከአስዋን ደቡብ ምሥራቅ ካለው ከዋዲ ኤል ሁዲ በረሃ እየቆፈሩ ዶቃ ሠርተውበታል። በኦሪት ዘጸአት በአሮን የደረት ኪስ ላይ ከተደረደሩት ዐሥራ ሁለት ዕንቁዎች፣ በዮሐንስ ራእይም ከአዲሲቱ ኢየሩሳሌም መሠረቶች መካከል አሜቴስጢኖስ ተብሎ ይገኛል። የካቶሊክ ጳጳሳትም በቀለበታቸው ላይ አድርገውታል።

«ርካሽ ድንጋይ» የሚሉት ያናድዱኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በብራዚልና በኡራጓይ በብዛት እስኪገኝ ድረስ ከውድ ዕንቁዎች ጋር ይቆጠር ነበር። ከዚያ ወዲህ የወረደው ዋጋው ብቻ ነው።

እንከኑ ያለው ማቀፊያው ላይ ነው። ብሩ ይጠቁራል፤ በተለይ እንቁላልና ሽንኩርት ሲበዛበት። ከፈርጡ ሥር ሊጥና ሳሙና ይጠራቀምና ድንጋዩን ያፈዘዋል፤ ለብ ባለ ውሃ፣ በሳሙናና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ከጀርባው ሲታሽ ወዲያው ይበራል። ከሁሉ የከፋው ፈርጡን የያዙት አራት ጥርሶች ናቸው። የነጠላዬን ጥለት በተደጋጋሚ መዘዋል፤ አንዱም ጥርስ ቀና ብሏል። ጥርሱ ከላላ ድንጋዩ ሳይታወቅ ይወድቃል። የምትገዙ ዙሪያውን በብር የታቀፈ ምረጡ።

ስትገዙ ብርጭቆ እንዳይሆን በውስጡ ክብ አረፋ መኖሩን እዩ። በፋብሪካ የሚሠራ አሜቲስትም አለ፤ እሱን በዓይን መለየት ስለማይቻል የተፈጥሮ መሆኑን ሻጩ በደረሰኝ ላይ ይጻፍላችሁ። እኔ የራሴን ለአንጥረኛ ሰጥቼ ጥርሶቹን አስወልቄ በዙሪያ ማቀፊያ አስቀይረዋለሁ፤ ድንጋዩ ግን ያው ይቀጥላል።