የ«ሚሉ» አጋዘን ጉብኝት፦ የመንጋው ብዛትና የዘረመሉ ሂሳብ

በሰኔ መጨረሻ ከቤጂንግ በስተደቡብ፣ በዳሺንግ ወረዳ ወደሚገኘው የናንሃይዝ የ«ሚሉ» ፓርክ የሚወስድ የግማሽ ቀን ጉብኝት ከአንድ አስጎብኚ ድርጅት ገዝቼ ነበር። ድርጅቱ ጉብኝቱን የሚያስተዋውቀው ሚሉ የተባለው አጋዘን ከመጥፋት የተመለሰበትን መንገድ በዘረመል ሳይንስ እንደሚያስረዳ አድርጎ ነው፤ ገንዘቤን የከፈልኩትም ለዚህ ተስፋ ስለሆነ፣ የምመዝነው በዋናነት ማብራሪያውን ነው። ድርጅቱን በስም አልጠራም፤ ፓርኩ ግን በእኔ ግምት ማንም የዱር እንስሳትን የሚወድ ሰው ሊያየው የሚገባ ስፍራ ነው።

የታሪኩ ክፍል በጣም ጥሩ ነበር። ቻይናውያን ይህን እንስሳ «አራቱንም የማይመስል» የሚል ትርጉም ባለው ስም፣ ሲቡሽያንግ ብለው ይጠሩታል፤ ፊቱ የፈረስ፣ ቀንዱ የአጋዘን፣ ሰኮናው የላም፣ ጅራቱ የአህያ ይመስላል፤ በጠቅላላው ግን ከአራቱ አንዱም አይደለም። ፈረንሳዊው ሚሲዮናዊ አባ አርማን ዳቪድ እ.ኤ.አ. በ1865 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የአደን ግቢ አጥር ላይ አሻግረው ያዩት እዚሁ ናንሃይዝ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት አልፎንስ ሚልን-ኤድዋርድስ ፓሪስ ላይ ለሳይንስ አዲስ የሆነ ዝርያ መሆኑን ገለጸ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የዮንግዲንግ ወንዝ ሞልቶ የግቢውን ግንብ ሲያፈርስ አብዛኛዎቹ አጋዘኖች አምልጠው በረሃብተኛ ሕዝብ ተበሉ፤ የተረፉት ደግሞ በ1900 ቦክሰሮች በተባሉት የባዕዳን ተቃዋሚዎች አመፅ ጊዜ አለቁ። ዝርያው በምድር ላይ የቆየው ቀደም ብለው ወደ አውሮፓ የተላኩ ጥቂቶች ስለነበሩ ብቻ ነው። የቤድፎርድ 11ኛ መስፍን ኸርብራንድ ራስል እነዚህን ከየመካነ አራዊቱ እየሰበሰበ በእንግሊዝ አገር በወበርን አቢ ርስቱ 18 አጋዘኖችን አንድ ላይ አኖረ። አስጎብኚዋ ይህን ሁሉ ጥንቅቅ አድርጋ፣ ክስተቱ በተፈጸመበት መሬት ላይ ቆማ ስትናገር መስማት የጉብኝቱን ዋጋ ግማሽ የሚክስ ነበር።

ችግሩ የሚጀምረው ድርጅቱ ባደለን ትንሽ መጽሔት ላይ ነው። መጽሔቱ የዘረመሉን ጉዳይ በአንድ ሥዕል ይጨርሰዋል፤ በግራ 18 ቁጥር፣ በቀኝ ደግሞ ዛሬ በቻይና የሚገኙት ከ10,000 በላይ አጋዘኖች፣ በመካከላቸውም ወደ ላይ የሚወጣ ቀስት። ይህ የራሶች ቆጠራ እንጂ የዘረመል ማብራሪያ አይደለም። በመጀመሪያ ደረጃ ከ18ቱ ውስጥ የወለዱት 11 ያህል ብቻ እንደነበሩ ይነገራል፤ የዛሬው መንጋ በሙሉ የእነሱ ዘር ነው። እያንዳንዱ እንስሳ ከእያንዳንዱ ጂን ሁለት ቅጂ ስለሚይዝ፣ 11 መሥራቾች ለትውልድ የሚያስተላልፉት ቢበዛ 22 ቅጂ ነው። አማካዩን የዘረመል ልዩነት ብቻ ከተመለከትን ጉዳቱ ቀላል ይመስላል፤ ዝምድና የሌላቸው 11 መሥራቾች ከመነሻው መንጋ ልዩነት 95 በመቶ ያህሉን ይይዛሉና። ብርቅ የሆኑት የጂን ዓይነቶች፣ ማለትም አሊሎች፣ ዕጣቸው ሌላ ነው። በመነሻው መንጋ ውስጥ ከመቶ ቅጂ በአምስቱ ላይ የሚገኝ አሊል በ22 ቅጂዎች ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይገባ የመቅረት ዕድሉ 32 በመቶ ነው፤ ከመቶ በአንዱ ላይ ብቻ የሚገኝ ከሆነ ደግሞ 80 በመቶ ይደርሳል። አንድ በሽታ ድንገት ሲነሳ የሚያስፈልገው መከላከያ ከእነዚህ ብርቅዬዎች መካከል ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ የወበርን መሥራቾች በአንድ ግንብ ውስጥ ለብዙ ትውልድ ተዘግቶ ከኖረ መንጋ የወጡ ስለሆኑ፣ ዝምድና የላቸውም ማለት ራሱ በጎ ግምት ነው።

መጽሔቱ ያላስተማረኝን አንድ ተባዕት አጋዘን አስተማረኝ፤ ይህን ክፍል ዘርዝሬ የምጽፈውም ለዚህ ነው። ወቅቱ የመራቢያቸው ጊዜ ነበር። ከአጥሩ በቅርብ ርቀት አንድ ትልቅ ተባዕት ከረግረጉ ወጥቶ ቆመ፤ ወደ ኋላ የሚያመራው ቀንዱ በእርጥብ ሣር ተጠምጥሟል፣ ከሣሩ ጭቃ ይንጠባጠባል፣ ሰፊው ሰኮናው መሬት በነካ ቁጥር በግልጽ የሚሰማ ቀጭ የሚል ድምፅ ይወጣል። ከኋላው እንስቶቹ ተሰብስበዋል። ሌሎች ተባዕቶች በሩቁ ዳር ዳር ይላሉ፤ አንዱ ቀረብ ሲል ባለ ሣሩ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሁለት እርምጃ ብቻ ተራመደ፣ ያኛውም ተመለሰ። አብረውኝ የነበሩት ፎቶ ያነሱ ነበር፤ እኔ ደግሞ በመጽሔቱ ጀርባ ላይ ሂሳብ እሠራ ነበር።

ሂሳቡ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ከወበርን ወደ ናንሃይዝ 20 አጋዘኖች ተመለሱ፤ 5 ተባዕትና 15 እንስት። የዘረመል ባለሙያዎች ውጤታማ የመንጋ ብዛት የሚሉት፣ አንድ መንጋ የዘረመል ልዩነቱን የሚያጣበት ፍጥነት ከስንት እኩል ወላጆች መንጋ ፍጥነት ጋር እንደሚስተካከል የሚያሳይ ልኬት አላቸው። የሚገኘውም የተባዕቱንና የእንስቱን ቁጥር አባዝቶ፣ በአራት አብዝቶ፣ ለድምራቸው በማካፈል ነው። ስለዚህ የ20ዎቹ ልክ 15 ብቻ ይሆናል። በ1987 ተጨማሪ 18 አጋዘኖች መጡ፤ ሁሉም እንስት ነበሩ። ራስ ቢቆጠር መንጋው ከ20 ወደ 38 አደገ፤ በዚህ ስሌት ግን ከ15 ወደ 17 ከፍ አለ እንጂ ሌላ አልሆነም፣ የጠበበው በር የአባቶቹ በር ነበርና። ባለ ሣሩን የመሰለ አንድ ብርቱ ተባዕት በአንድ የመራቢያ ወቅት አሥራ አምስቱን እንስት ለብቻው ቢይዝ፣ የዚያ ትውልድ ልኬት ከ4 በታች ይወርዳል። እኔ ከአጥሩ ስር ቆሜ ያየሁት ጉልበትና ውበት፣ ከመንጋው የዘረመል ሀብት አንጻር ከባድ ወጪ ነው። የዘረመል ጉብኝት የሚል ስም የያዘ አገልግሎት ይህን ትዕይንት ከሂሳቡ ጋር አያይዞ ቢያስረዳ ምንኛ ጥሩ በሆነ!

አስጎብኚዋን ስለዚህ ስጠይቃት በደስታ መለሰችልኝ፤ ዕውቀቱ እንዳላት ግልጽ ነበር፣ ድርጅቱ የሰጣት ጽሑፍ ግን ቦታ አልተወለትም። በጂያንግሱ የባሕር ጠረፍ የሚገኘው የዳፌንግ ጥብቅ ስፍራ በ1986 ከተለያዩ የእንግሊዝ መካነ አራዊት የመጡ 39 አጋዘኖችን ተቀብሎ እንደጀመረ ነገረችኝ፤ 13ቱ ተባዕት ስለነበሩ በዚያው ስሌት ልኬታቸው 35 ይጠጋል፣ ይህም ከናንሃይዝ እጥፍ ነው። በ1993 እና በ1994 ከቤጂንግ 64 አጋዘኖች በሁቤይ ወደሚገኘው የሺሾው ጥብቅ ስፍራ ተዛወሩ። በ1998 የያንግትዜ ወንዝ ሲሞላ ከእነዚህ የተወሰኑት ከአጥሩ ወጥተው በዱር መኖር ጀመሩ፤ ቤጂንግ ላይ ያጠፋቸው ጎርፍ በአንድ መቶ ዓመቱ ሌላ ቦታ ነጻ አወጣቸው። እነዚህ በዱር የሚኖሩት መንጋዎች ጥቂት እንስሳት የጀመሯቸው ስለሆኑ እንደገና የመጥበብ አደጋ አለባቸው። ከዳፌንግ ወደ እነሱ ተባዕት ቢወሰድ በየመንጋው የተበታተነው ልዩነት ይገናኛል፣ የቅርብ ዘመዳሞች መዋለድም ይቀንሳል። ይሁን እንጂ የእንግሊዝ መካነ አራዊት አጋዘኖችም መነሻቸው ወበርን ስለሆነ፣ በዝውውር ብቻ አዲስ አሊል አይገኝም፤ አዲስ አሊል የሚያመጣው በብዙ ትውልድ የሚከማች ሚውቴሽን፣ ማለትም በጂን ላይ በድንገት የሚፈጠር ለውጥ ነው። መንጋው ትልቅ ሆኖ መቆየቱ የሚጠቅመው አንድም ለዚህ ነው፤ በጠባብ መንጋ ውስጥ አዲስ የተፈጠረው ልዩነት ሥር ሳይሰድ በዕጣ ይጠፋል።

መጽሔቱ ላይ በፍጹም የማልስማማበት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ የቅርብ ዘመዳሞች መዋለድ ሚሉን እንዳልጎዳው ይናገራል። ዝርያው ይህን ሁሉ ተሻግሮ መብዛቱ እውነት ነው፣ ለዚህም የሚቀርብ ማስረጃ መሰል ማብራሪያ አለ፤ ረጅም ዘመን በግንብ ውስጥ ሲዋለድ የኖረ መንጋ ጎጂ አሊሎቹን በሁለት ቅጂ እየገለጠ፣ የወረሷቸው ግልገሎችም እየሞቱ፣ ሸክሙን ቀስ በቀስ አራግፎት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ማራገፍ የሚያነሳው ከባዱን ጉዳት ነው፤ ጥቂት ጥቂት የሚጎዱት አሊሎች በመንጋው ሁሉ ውስጥ ሊጸኑ ይችላሉ፣ የጠፋው ልዩነትም በማራገፍ አይመለስም። ጎብኚ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ያለ ሲሆን ዝም ማለት አልችልም።

ከቡድናችን አንዱ ከቀይ አጋዘን ጋር በማዳቀል ልዩነቱን መጨመር አይቻልም ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። ሁለቱም ጂኖችን የሚሸከሙ 68 ክሮሞዞሞች አሏቸው፣ ድቅሎቻቸውም ይዋለዳሉ፤ በኒውዚላንድ ለዘረመል ምርምር አገልግለዋል። ለሚሉ ግን ያ መንገድ ዝርያውን በሌላ ዝርያ መተካት ነው፤ አስጎብኚዋም ያለማመንታት እንዲሁ አለች።

ስለ መስተንግዶው ብዙ የምለው የለኝም። የድርጅቱ አውቶቡስ ዘግይቶ በመነሳቱ በአጥሩ ዘንድ የምንቆይበት ጊዜ ተቆረጠ፣ ይቅርታ ያለን ግን አልነበረም። በአንድ አስጎብኚ ሥር የነበረን ሰዎችም በዛን፤ ከኋላ የቆሙት ማብራሪያውን በከፊል ነው የሰሙት። ከአምስት ኮከብ ሦስት እሰጣለሁ፤ ሁለቱ የአስጎብኚዋ ናቸው።

ይህን ጉብኝት ለመግዛት የምታስቡ፣ የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ያዙ፤ ከመነሳታችሁ በፊትም በአጥሩ ዘንድ ስንት ደቂቃ እንደምትቆዩ በጽሑፍ አስረግጡ። እኔ ለታኅሣሥ በራሴ ለመሄድ አስቤአለሁ። ሚሉ ቀንዱን የሚጥለው ብዙ የአጋዘን ዝርያዎች በማይጥሉበት በታኅሣሥ አካባቢ ብርድ ነው፤ ንጉሠ ነገሥት ቺያንሎንግ ይህን በዚሁ ግቢ አስመርምሮ ካረጋገጠ በኋላ በ1767 የጻፈውን ማብራሪያ በራሱ በሚሉ ቀንድ ላይ አስቀርጾታል። ባለ ሣሩ ያን ጊዜ ቀንድ አልባ ሆኖ ከሌሎቹ ተባዕቶች መካከል እንዴት እንደሚቆም ማየት እፈልጋለሁ።