ሲዲ ዛሬም ይገዛልን?

ሙዚቃ በቅጽበት ወደ ስልክ በሚወርድበት በዚህ ዘመን ለሲዲ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ፣ ያሉኝን አልበሞች ከዲስክና ከወረደ ፋይል እያፈራረቅሁ ለጥቂት ወራት ሳዳምጥ ቆይቻለሁ። የደረስሁበትን አስቀድሜ ልናገር፤ ሲዲ ዛሬም መገዛት የሚገባው ዕቃ ነው፤ ምክንያቱ ግን ዘወትር የሚወደስበት የድምፅ ጥራት አይደለም።

ሶኒና ፊሊፕስ በጋራ ሠርተውት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ፣ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት (ቢት ትንሿ የመረጃ መለኪያ ናት፤ ሺህ ቢት አንድ ኪሎቢት ነው) ይመዘግባል፤ የግራውና የቀኙ ድምፅ ሲደመር በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይሆናል። በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ኤምፒ3 ከዚህ 11 ጊዜ ያህል ስለሚያንስ፣ ጭብጨባና የሲምባል ድምፅ ውኃ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይሰማል። በ320 ኪሎቢት ግን ልዩነቱን ለመለየት ብዙ ጊዜ ተስኖኛል። ፍላክ የተባለው የፋይል ዓይነት ደግሞ ከመረጃው ምንም ሳይጥል ስለሚጨምቅ፣ ከሲዲ በትክክል የተቀዳ ፍላክ ድምፁ ከሲዲው ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ሲዲን ለጥራቱ ብቻ ብሎ መግዛት ያለፈበት ምክንያት ነው።

የሚያሳስበኝ የባለቤትነቱ ነገር ነው። ከዓመታት በፊት ከአንድ የኢንተርኔት ሙዚቃ መሸጫ ከፍዬ የገዛሁትን አልበም፣ ስልክ ቀይሬ እንደገና ላወርደው ስሞክር ሦስተኛው ዘፈን ከቦታው አልነበረም። ብጠይቅ የተሰጠኝ መልስ ከባለመብቱ ጋር የነበረው ውል አብቅቷል የሚል ነበር። ፋይሉን በጊዜው በሌላ ቦታ ባለማስቀመጤ ዘፈኑ በዚያው ቀረ። በእንዲህ ዓይነቱ ግዢ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጥልን የማዳመጥ ፈቃድ እንጂ ዕቃው ራሱ እንዳልሆነ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። በመደርደሪያዬ ያለውን ዲስክ ግን የይለፍ ቃል ሳልጠየቅ አጫውተዋለሁ፣ አውሰዋለሁ፣ ለልጄ አወርሰዋለሁ።

ከዚህም የረቀቀ ጉዳይ አለ። ከ1990ዎቹ ወዲህ እንደገና ከታተሙት አልበሞች ብዙዎቹ ጎላ ብለው እንዲሰሙ ሲባል ዝቅ ያለውና ከፍ ያለው ድምፅ እንዲቀራረብ ተደርገው የተስተካከሉ ናቸው፤ በኢንተርኔት የሚገኘውም ብዙውን ጊዜ ይኸው አዲሱ ዝግጅት ነው። በሹክሹክታ ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚያድግ ዘፈን በእንዲህ ያለው ዝግጅት ከመነሻው ጮኾ ስለሚጀምር እድገቱ ይጠፋል። የመጀመሪያውን ሕትመት በዲስክ የያዘ ሰው ዘፈኑን በመጀመሪያ እንደወጣ ያገኘዋል፤ ማንም ከሩቅ ሆኖ ሊለውጥበት አይችልም።

ከዲስኩ ጋር የሚመጣውን ትንሽ መጽሐፍም አቅልዬ አላየውም። ከአንዱ አልበሜ ጋር ያለው 12 ገጽ ነው፤ ማያያዣ ሽቦው ዝጓል፤ በስምንተኛው ገጽ ላይ ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን የደረሰው፣ ያቀናበረው፣ በየዘፈኑ ቤዝ ጊታር የተጫወተው ሁሉ በደቃቅ ፊደል ተዘርዝሯል። የወረደው ፋይል የያዘው የዘፋኙንና የዘፈኑን ስም ብቻ ነበር። የአራተኛውን ዘፈን ቤዝ ተጫዋች ስም ከዚያ ገጽ አግኝቼ፣ የእርሱን እጅ ፍለጋ ሌሎች ሁለት አልበሞችን ገዝቻለሁ። ከዘፋኙ ጀርባ የቆሙት ባለሙያዎች ስማቸው የሚታወስበት ሌላ ስፍራ ጥቂት ነውና ይህ ገጽ ለእኔ የዋጋው ግማሽ ነው።

ጉድለቶቹን መሸሸግ አይገባም። ማኅደሩ በቀላሉ ይሰበራል፤ ማጠፊያው ወይም ዲስኩን መካከል ላይ ጨብጠው የሚይዙት ጥርሶች ሳይረግፉ የሚቆዩት በጥቂቶቹ ነው። አዳዲስ ኮምፒውተሮችና መኪኖች በአብዛኛው ማጫወቻ የላቸውም። ብዙ ሰው የሚጠነቀቅለት የሚያብረቀርቀው ገጽ ቢሆንም፣ ይበልጥ ስስ የሆነው ጽሑፍ የታተመበት ገጽ ነው፤ ድምፁን የያዘው የብረት ንጣፍ ከስስ ቫርኒሽ ሥር እዚያው ስለሚገኝ፣ በዚያ በኩል ዘልቆ የገባ ጭረት መድኃኒት የለውም። የታችኛው ጭረት ግን ሊወለወል ይችላል፤ ማጫወቻውም መጠነኛ ጉዳትን ራሱ ያርማል። መረጃው ከመካከል ወደ ዳር በሚጠመዘዝ መስመር ስለተጻፈ፣ በክብ እያዞሩ መጥረግ መስመሩን ተከትሎ የሚጭር ክፉ ልማድ ነው፤ ከመካከል ወደ ዳር ቀጥ አድርጎ መጥረግ ይሻላል። ቤት ውስጥ የሚቀዳው ሲዲ በቀለም ላይ የሚጻፍ በመሆኑ ፀሐይ ያበላሸዋል፤ በፋብሪካ ከታተመው ጋር እኩል እምነት ሊጣልበት አይገባም።

ሸክላ የሚመርጡትን አልነቅፍም፤ በአሜሪካም በ2022 የተሸጠው ሸክላ ከ1987 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር ከሲዲ በልጧል። ሆኖም መርፌው በተጫወተ ቁጥር ይፍቀዋል፤ ሲዲን የሚነካው ግን ብርሃን ብቻ ነው።

አንድ ዘፈን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ማውረዱ ይበቃዋል። ሙሉ አልበም ለሚወድ ግን ምክሬ ዲስኩን ገዝቶ፣ በዚያው ቀን በፍላክ ቀድቶ ቅጂውን ስልኩ ላይ ማድረግና ዲስኩን ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛ እጅ የሚገዛም ከመክፈሉ በፊት ዲስኩን ወደ ብርሃን ቀና አድርጎ ይመልከተው፤ ብርሃን የሚያሾልኩ ነጥቦች ካየበት ንጣፉ መበላት ጀምሯልና ይተወው።