ያገለገለው የጭነት መኪናዬ ከወራት በኋላ፦ ሞተሩ አልደከመም፣ አየር አጥቶ ነበር

«ይህ ሞተር አልቋል፤ ይውረድ።» ያገለገለ የጭነት መኪና የገዛ ሰው ይህን ፍርድ ሳይሰማ ዓመቱን አይጨርስም። እኔም ሰምቻለሁ፤ ያውም ከአንድ በላይ ጋራዥ ውስጥ። ስለዚህ ስለ ወንበሩ፣ ስለ መብራቱና ስለ ቀለሙ ብዙ የምለው የለኝም። ፍሬኑ ይይዛል፣ መሪው ቀላል ነው፣ ጠዋት ሳያስቸግር ይነሳል። የሚያነጋግረን የጉልበቱ ጉዳይ ነው።

መኪናው ጃፓን ሠራሽ ነው፤ ባለ አራት ሲሊንደር ናፍጣ፣ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው፣ የነዳጅ ፓምፑ ያለ ኮምፒውተር የሚሠራ። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእሱ ስላልነበረ በማይመለከተው ጉዳይ ስሙ ባይነሳ ይሻላል። ወደ ጎጃም ስሄድ ሲሚንቶ እጭናለሁ፣ ስመለስ ጤፍ። የዓባይን በረሃ በሁለቱም በኩል ተጭኜ እወጣለሁ ማለት ነው። ጎሃ ጽዮንና ደጀን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ላይ ተቀምጠዋል፤ መካከላቸው ያለው ድልድይ ደግሞ ወደ 1,000 ሜትር ይወርዳል። በጃፓን እርዳታ በተሠራው የህዳሴ ድልድይ ላይ ጃፓን ሠራሹ መኪናዬ አፍሮ ሲጎተት ማየት የሚያስቅ ነገር ነበር፤ ከኋላዬ ተሰልፈው ጡሩምባ ለሚነፉት ግን አላሳቃቸውም።

ጠባዩ እንዲህ ነበር። ሜዳ ላይ ምንም አይልም። ባዶውን ሲሆን ዳገትም አይፈራም። ተጭኖ ዳገት ሲጀምር ግን ነዳጁን እስከ ወለሉ ብረግጠውም እየሰጠመ ይሄዳል፤ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ማርሽ። ከኋላ ጥቁር ጭስ ይለቃል፣ የሙቀት መለኪያው ቀስ እያለ ይወጣል። ጋራዥ አስገብቼ ባለበት ነዳጅ ሲሰጡት ደግሞ እንደ አንበሳ ያገሳል። «ምንም የለበትም» ይላል አንዱ። «አልቋል» ይላል ሌላው። የሚገርመኝ ሁለቱም እኩል እርግጠኞች መሆናቸው ነው።

አንድ መካኒክ ደጋውን ወቀሰ። «አገራችን ከፍታ ነው፤ አየሩ ስስ ነው፤ ሁሉም መኪና እንዲህ ነው።» ነገሩ ከፊሉ እውነት ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም ይህን በግልጽ ይከፍላል። ተርቦ የተሠራው ግን ይህንኑ ለመካስ ነው። ከሁሉም በላይ የእኔ መኪና ይበልጥ የሚደክመው ታች በረሃው ውስጥ፣ ድልድዩን እንደተሻገረ ነበር። እዚያ የአየሩ ግፊት ከላይኛው አፋፍ ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ይበልጣል። ሙቀቱ ጥቂቱን መልሶ ቢወስድም፣ ከፍታ ነው የሚለው ምክንያት እዚያ አይሠራም። ይህን ስነግረው መካኒኩ ነዳጁን ሲሊንደር ውስጥ ወደሚረጨው ኢንጀክተር ተሸጋገረ። ኢንጀክተሮቹ ተፈትሸው ደህና ሲሆኑ ወደ ፓምፕ፣ ከፓምፕ ወደ ተርቦ፣ ከተርቦ ወደ ፒስተን። የዋጋው ቅደም ተከተል እንዴት ያማረ ነው! አንድም ጊዜ ወደ ርካሹ አቅጣጫ አልሄደም።

ጭሱን የጠየቀው ግን አልነበረም። የናፍጣ ሞተር ጉልበት ሲያጣ መጀመሪያ የሚናገረው በጭስ ማውጫው ነው። ነዳጅ ያነሰው ሞተር ደክሞም ጭሱ ንጹሕ ነው፤ የታፈነ የናፍጣ ፊልትሮ፣ መተንፈሻው የተደፈነ የታንከር ክዳን፣ እስከ መጨረሻው የማይሳብ የነዳጅ ሽቦ፣ ሁሉም እንዲህ ያደርጋሉ። ከተርቦ ወደ ፓምፑ ግፊት የምታደርሰው ቀጭን ቱቦ ስትቀደድም እንዲሁ ነው፤ ፓምፑ ግፊት ያለ ስለማይመስለው ነዳጅ አይጨምርም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው። ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወይም ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውሃ ነው። ጥቁር ጭስ ግን ነዳጁ በበቂ መድረሱን፣ የሚያቃጥለው አየር ግን መቅረቱን ይናገራል። ኢንጀክተሩም በትክክል የማይረጭ ከሆነ ጥቁር ያጨሳል፤ የእኔዎቹ ግን ተፈትሸው አልፈዋል። ስለዚህ የናፍጣ ፊልትሮ ልለውጥልህ ያለኝን ሁሉ አመስግኜ ሸኘሁት።

አየር የሚጠፋው በሦስት ቦታ ነው፤ ሲገባ፣ ተርቦው ከጨመቀው በኋላ ሲያመልጥ፣ ወይም ጭሱ መውጫ አጥቶ አዲስ አየር ሲከለክል። መውጫውን በመጀመሪያ አየሁ። የእኛ ዓይነት የጭነት መኪኖች ቁልቁለት ላይ ፍጥነት ለመያዝ ጭስ ማውጫውን የሚዘጋ ክዳን አላቸው፤ ይህ ክዳን ዝጎ በግማሽ ተዘግቶ ከቀረ የዘመናት ድካም የሚመስል ነገር ያመጣል። ረዳቴ ከውስጥ ማብሪያውን ሲያበራና ሲያጠፋ እኔ ከሥር ዘንጉን ተመለከትሁ፤ እስከ መጨረሻው ይመለሳል። ከተርቦው እስከ ሞተሩ ያለውን መስመር የሳሙና ውሃ ቀባነው፤ አረፋ የለም። የተርቦውን ዘንግ በጣት ስናዞረው ያለ ጭረት ዞረ። የአየር ፊልትሮው አዲስ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው መሣሪያው የመጣው። መሣሪያ ስል የምትጠብቁት ዓይነት አይደለም። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ፣ ከአንድ ሜትር የሚረዝም ሳንቃና ትንሽ ውሃ ነው። ቱቦው በሳንቃው ላይ ወርዶ ታጥፎ ይወጣል፤ ግማሹ ውሃ ይሞላል፤ አንዱ ጫፍ ክፍት ይተዋል፤ ሌላው ረዝሞ በመስኮት ወጥቶ ከአየር መግቢያው ጋር ይገናኛል። ሞተሩ አየር ለመሳብ በተቸገረ ቁጥር ውሃው በአንድ ወገን ይወጣል፣ በሌላው ይወርዳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመታፈኑ ልክ ነው። ለከባድ የናፍጣ ሞተሮች የአየር ፊልትሮ ይቀየር የሚባለው በተለምዶ ልዩነቱ 25 ኢንች፣ ማለትም 63 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ነው።

ልኬቱ የሚወሰደው ተጭኖ ዳገት ላይ ነው፤ ዋናው ነገር ይህ ነው። ሞተር ጋራዥ ውስጥ ባዶውን ሲጮህ ጭነት ስለሌለበት ተርቦው እምብዛም አይሠራም፤ የሚስበው አየርም በዳገት ከሚስበው ጋር አይወዳደርም። «ምንም የለበትም» ያሉኝም ጋራዥ ውስጥ ቆመው ስለፈረዱ ነው። ረዳቴ ሳንቃውን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ ተቀመጠ፤ ከድልድዩ ጀምረን ወደ ጎሃ ጽዮን ወጣን። ቱቦው በመጀመሪያ የተገጠመው ከፊልትሮው መውጫ ላይ፣ የመታፈን ምልክት ሰጪው በሚገጠምባት ቀዳዳ ነበር። የውሃው ልዩነት ከ30 ሴንቲ ሜትር ብዙም አላለፈም። ፊልትሮው ንጹሕ ነው። በሚቀጥለው ጉዞ ጫፉን ወደ ተርቦው አፍ አዛወርነው፤ የብረቱን ክርን አስቀድመን ፈትተን ትንሽ ቀዳዳ በሳነው፣ በኋላ በቡሎን ደፈንነው። ያን ጊዜ ውሃው ሳንቃውን ጨርሶ ሊወጣ ሲል ረዳቴ ጮኸ፤ እግሬን አነሣሁ።

በሁለቱ የለካንባቸው ቦታዎች መካከል ያለው አንድ ጥቁር የጎማ ቱቦ ብቻ ነው።

ቱቦው ከውጭ ሲጨበጥ ጠንካራ ነው፤ ስንጥቅ የለውም፣ የሚያየው ሁሉ ያልፈዋል። ስናወርደው ግን የውስጡ ሽፋን ከውጭው ጎማ ተላቅቆ እንደ ሟሸሸ ካልሲ ተንጠልጥሏል። ከሞተሩ መተንፈሻ የሚመጣው የዘይት ጭጋግ እዚያ መስመር ውስጥ ነው የሚገባው፤ ዘይት የማይችል ጎማ ደግሞ ከዓመታት በኋላ እንዲህ ይሆናል። መምጠጡ ዝቅ ሲል ሽፋኑ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ዳገት ላይ መምጠጡ ሲበረታ ተነሥቶ መንገዱን ይዘጋል። ሞተሩን ካቆምክ በኋላ ቱቦውን ሳታወርድ ብታየው ደህና ይመስላል። ማን እንደገጠመው አላውቅም፤ ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ወይም የእሱ መካኒክ ይሆናል። አዲሱን ከሶማሌ ተራ ገዛሁት፤ ዘይት የሚችል፣ ውስጡ የሽቦ ጥምዝ ያለበት። ዋጋው ከአንድ ጎማ ዋጋ በእጅጉ ያንሳል። ሞተር ለማውረድ ከተጠየቅሁት ጋር ለማወዳደር እንኳ አፍራለሁ።

ከዚያ ወዲህ የዓባይን ዳገት በብዛት በሦስተኛ ማርሽ ነው የምወጣው፤ ጠምዛዛዎቹ ላይ ብቻ ሁለተኛ ይጠይቃል። ጭሱ ማርሽ ሲቀየር ለአፍታ ይታይና ይጠፋል። የሙቀት መለኪያው መሃል ላይ ይቆያል፤ ይህም የሚጠበቅ ነው፤ አየር ያነሰው ናፍጣ ዘግይቶ እየነደደ ጭስ ማውጫውን ያግላል፣ ሲቆይም ተርቦውን ራሱን ይጎዳል። ናፍጣውም ቀንሷል። ያ ሁሉ ጥቁር ጭስ በብሬ የተገዛ ነዳጅ ነበርና።

እዚህ ላይ አዲስ መኪና የሚሸጠው ወጣት በሐሳቤ ይመጣል። «ጋሼ፣ አዲሱን ቢገዙ ኖሮ ኮምፒውተሩ ስህተቱን ራሱ ይነግርዎት ነበር።» ልጄ፣ ኮምፒውተሩ የሚነግረኝ የተርቦው ግፊት ዝቅ ማለቱን ነው። ያንን ይዘህ ምን ትለውጥልኝ ነበር? ተርቦውን። አዲሱ ተርቦ በዚያው በሞተ ቱቦ ይስብና አሁንም «ግፊት ዝቅ ብሏል» ይላል፤ አንተም ወደ ሚቀጥለው ዕቃ ትሻገራለህ። የእኔን መኪና ቢያንስ እኔና ረዳቴ በአንድ ሳንቃ ውሃ አነጋገርነው። «ዋስትና አለው እኮ» ትለኛለህ። ዋስትናህ በረሃው መሃል አንደኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ሲሚንቶውን አያወጣልኝም።

መኪናውን ያገናኘኝ ደላላ ሰሞኑን ደውሎ ነበር፤ ጉልበቱ መመለሱን ከማን እንደሰማ እንጃ። «ጥሩ ገዢ አለ» አለኝ። ሞተሩ «አልቋል» በተባለበት ወቅት ስደውልለት ስልኩ አይነሳም ነበር። እስከዚህ ድረስ ስጽፍ ስለ መኪናው ያለኝ አስተያየት ከሚገባው በላይ ሞቅ እንዳለ ይታወቀኛል፤ ቢሆንም አልቀንሰውም። ለደላላው አልሸጥም ብዬዋለሁ።

ሳንቃው አሁንም ከወንበሩ ኋላ አለ፤ የአየር ፊልትሮ ስቀይር እሰካዋለሁ። የቀረኝ ቅሬታ የካምቢዮው ነው፤ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ሲመለስ ይንጫጫል። ክረምቱ ሲወጣ ይከፈታል።